ጭነቱን ያወረደ መንገድ

የመንዝ አገር በአራቱም ማዕዘን የታጠረ ነው። በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በደቡብ ሞፈር፣ በሰሜን ቀጨኔ የሚባሉት ወንዞች ዐለቱን እየቦረቦሩ በገደል ሲከቡት፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል የሚመለከቱት ተራሮች እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ቆመውለታል። ከእነዚህ ሁሉ አፍላግ መካከል ግን አንዲት ታንኳ እንኳ ተሸክሞ የሚያውቅ የለም፤ በክረምት ደፍርሰው ግንድና ቋጥኝ እያንከባለሉ ይወርዳሉ፤ በበጋ ደግሞ በብዙ ቦታ የበቅሎን ሰኮና ከማርጠብ አያልፉም። በአገራችን መርከብ የመሸከም ዕድል የገጠመው ባሮ ነው፤ እርሱም በክረምት ወራት ውኃው ሲሞላ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ የሚመጡትን የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦች ሲያስተናግድ፣ ቡናችንንም ሲያስጭን ኖሮ፣ ዛሬ ያ ሁሉ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ በጀልባ ስለሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ጀልባ ከማያውቀው ከመንዝ መጀመሬ አንባቢን ቢያስገርመው አልፈርድበትም፤ ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ ግን እለምነዋለሁ።

ፈረንሳዮች ወይን በሚያበቅሉት አውራጃዎቻቸው ውስጥ አንድ የጉዞ ልማድ አላቸው። ሰዎች ለአንድ ሳምንት በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ከፍለው፣ ከእግረኛ እምብዛም በማይፈጥን ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ይሳፈሩና፣ መኪና በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ ሰባት ቀን ይፈጁበታል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ይወርድና በቦዩ ዳር በብስክሌት ወደ መንደር ይሄዳል፤ ዳቦ ገዝቶ፣ ከባለ ሱቁ ጋራ ስለ ዝናቡ ተጫውቶ ሲመለስ ጀልባው ገና ከሚቀጥለው የውኃ በር ላይ ተራውን ሲጠብቅ ያገኘዋል። በሠርክ ጊዜ ከአንድ ወይን ተካይ ደጃፍ ይቆማሉ፤ ባለቤቱም ወደ ምድር ቤቱ አውርዶ ከበርሜሉ እየቀዳ ያቀምሳቸዋል፤ ይህ ከየትኛው ተዳፋት እንደ ተለቀመ፣ ያኛው በየትኛው ዓመት እንደ ተጠመቀ ይተርክላቸዋል። ይህን ልማድ መጀመሪያ የሰማ የአገሬ ሰው «ሥራ የፈታ ሕዝብ» ብሎ ቢስቅ አልወቅሰውም፤ እኔም ስቄ ነበርና። ሳቄን የተውሁት ቦዮቹ ለምን እንደ ተቆፈሩ፣ በኋላም ምን እንደ ደረሰባቸው ካነበብሁ ወዲህ ነው።

ከሁሉ ስመ ጥር የሆነው «ካናል ዱ ሚዲ» የሚባለው የደቡቡ ቦይ ነው። ንጉሡ ሉዊ 14ኛ እንዲቆፈር በፈቀዱበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1666፣ በእኛ አገር ዐፄ ፋሲል በጎንደር የመንግሥታቸውን የመጨረሻ ዓመታት ይቈጥሩ ነበር። ሥራውን የተቀበለው ፒየር ፖል ሪኬ የጨው ግብር ሰብሳቢ እንጂ በመሐንዲስነት የተማረ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን አዋቂዎቹ ሁሉ የተሰናከሉበትን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ኮረብታ መሻገር ያለበት ቦይ ከኮረብታው አናት ላይ የማይነጥፍ ውኃ ካላገኘ ከንቱ ድካም መሆኑን ነው። ስለዚህ «ጥቁር ተራራ» ከሚባለው ደጋ የሚወርዱትን ጅረቶች ጠልፎ በሳን ፌሬዮል ግድብ አጠራቀመና፣ አንዱ ውኃ ወደ ምዕራቡ ውቅያኖስ፣ ሌላው ወደ ምሥራቁ ባሕር ከሚለያይበት ከኖሩዝ ኮርቻ ላይ አደረሰው። ከዚያ በሁለቱም ወገን ቦዩ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በየደረጃው ሁለት መዝጊያ ያለው የድንጋይ ገንዳ አለ፤ ጀልባው ሲገባ የኋላው በር ይዘጋል፤ በረኛው ውኃውን ቀስ አድርጎ ይለቅቃል ወይም ያስገባል፤ ጀልባውም እንደ ተኛ ሕፃን ሳይናወጥ ይወርዳል ወይም ይነሣል። በቤዚዬ ከተማ አጠገብ እንዲህ ያሉት ገንዳዎች በተርታ ተደርድረው ጀልባን ከ20 ሜትር በላይ ሽቅብ እንደ መሰላል ያወጡታል። ሥራው በበረታበት ወቅት እስከ 12,000 የሚደርሱ ወንዶችና ሴቶች ቆፍረውታል። 240 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቦይ እ.ኤ.አ. በ1681 ተፈጽሞ ውኃ ሲሞላ ሪኬ አላየውም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዕዳውን ለልጆቹ ትቶ፣ እንደ ሙሴ ምድረ ርስትን በሩቅ ተሳልሞ ሞቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ለሽርሽር አልነበረም። እህል፣ ወይን ጠጅና የመንግሥት ደብዳቤ በቦዩ ይጓዝ ነበር፤ ፈረሶች ዳር ዳሩን እየሄዱ ጀልባዎቹን በገመድ ይጎትቱ ነበር፤ ተሳፋሪውንም ከቱሉዝ እስከ ባሕሩ ዳር በአራት ቀን ያደርሱት ነበር። በኋላ የምድር ባቡር መጣ፤ ከባቡሩም በኋላ የጭነት መኪና መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ የደቡቡ ቦይ የሦስት መቶ ዓመት ጭነቱን አወረደ። ቡርጎኝ በሚባለው የወይን አውራጃ ያለው ቦይ ዕድልማ ከዚህ የከፋ ነበር፤ 242 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 189 የውኃ በሮች ያሉት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1775 ተጀምሮ በ1832 ሲፈጸም፣ ገና በ19 ዓመቱ የፓሪስ ባቡር ከዲዦን ደርሶ ገበያውን ነጠቀው። ሃምሳ ሰባት ዓመት የተቆፈረ ቦይ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ሳይሆን ባቡር ቀደመው ማለት ነው። ታዲያ አፈር ሞልተው ሊያርሱት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። የእህሉ ጀልባ አልጋ ተዘርግቶበት የእንግዳ ማደሪያ ሆነ፤ የፈረሶቹ መሄጃ የብስክሌት መንገድ ሆነ፤ የበረኞቹም ጎጆ በየቦታው ሻይ ቤትና ማረፊያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ የደቡቡን ቦይ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ ቦዩ ከጨው ግብር ሰብሳቢው ዘመን ይልቅ ብዙ እንግዳ ያስተናግድ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የእኛ ቦይ የበቅሎ መንገድ ነው።

በልጅነቴ ከመንዝ ወደ መርሐ ቤቴ የሚወርዱት ሲራራ ነጋዴዎች ሲጭኑ አይቻለሁ፤ አጎቴም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ከደጋው ባና፣ በርኖስና የበግ ጸጉር ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ፣ በርበሬና ጤፍ ይወጣል። አጋሰሱ ኩርታኑ ተደላድሎለት፣ ስንቁ በሶና ድርቆሽ ሆኖ፣ ገና ዶሮ ሳይጮኽ ጉዞው ይጀመራል፤ በቀትር ጥላ ካለበት ይታረፋል፤ በሠርክ ደግሞ ዘመድ ባለበት መንደር፣ ዘመድ ከሌለም «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ተብሎ ከማንም ቤት ይታደራል። በኋላ መንገድ ተጠረገ፤ አይሱዙ መጣ፤ በሦስት ቀን የሚወርደው ባና በአንድ ጀንበር ወረደ። ይህም መልካም ሆነ። የአስፋልት ጠላት አድርጎ የሚቈጥረኝ እንዳይኖር አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስንት ሰዓት ተሸክመው ሲወርዱ ያየ ሰው፣ ገደል ገደሉን እየተዟዟረ የሚመጣውን የመኪና መንገድ እንደ ጸበል ይናፍቀዋል እንጂ አይነቅፈውም። የኔ ነገር ሌላ ነው። መኪናው ጭነቱን ከወሰደ በኋላ ያ አሮጌ የበቅሎ መንገድ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ፣ መልሱ ያሳዝነኛል፤ በከፊሉ ጎርፍ ሸርሽሮታል፤ በከፊሉ ሰርዶ በቅሎበታል፤ በከፊሉም ጎረቤት ማሳውን እየገፋ አርሶታል።

ያን መንገድ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ ምን እንደሚያይ ላስታውስ። ከጀማ ሸለቆ ይነሣል፤ እዚያ ሙቀቱ ያልባል፤ ማሽላው ሰው ያህላል። ወደ መርሐ ቤቴ አምባ ሲወጣ ነፋሱ ይለወጣል፤ ጤፉ ይመጣል፤ ዓለም ከተማ ገበያዋን ዘርግታ ትጠብቀዋለች። ይህን ከፍታ አባቶቻችን «ወይና ደጋ» ብለውታል፤ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። አሁን እስኪ አንባቢ ያስበው፤ የአገሩን አየር ጠባይ ሲከፋፍል አንዱን ክፍል በወይን ስም የጠራ ሕዝብ፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቢያይ የወይን ሐረግ እምብዛም አያገኝም። ስሙ ቀርቶ ተክሉ ሄዷል። ለቅዳሴ እንኳ ካህናቱ የደረቀ ዘቢብ በውኃ አርሰው ይጨምቃሉ እንጂ ትኩስ ፍሬ ከጓሮ አይለቅሙም። እርግጥ ነው፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ ስላቀረበ ወይን ለአገራችን ባዕድ ነው አልልም፤ ነገር ግን ወይና ደጋውን የወይን አገር ለማድረግ የፈረንሳይን ሐረግ መጠበቅ ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው የቡርጎኝን ምሥጢር አልተረዳውም። በዚያ 1,247 የሚሆኑ ቁራሽ ማሳዎች እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይታወቃሉ፤ እንግዳውም የሚከፍለው ጠጁን እየጠጣ የማሳውን ስም ከባለ ማሳው አንደበት ለመስማት ነው። የመንዝ ገበሬ ለእያንዳንዱ ተዳፋትና ጉድባ ስም የለውምን? ገብሱንስ በየዘሩ ለይቶ አይጠራምን? ገለባው ቶሎ ስለሚለቅቅ፣ ሰነፍም ሴት ሳትደክም ስለምትቈላው፣ «ሰነፍ ቆሎ» ብሎ የሰየመውን ገብስ በጠላ ዋንጫ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢተርክ፣ ከዲዦኑ ወይን ተካይ የሚያንስ ተራኪ አይወጣውም። ይልቁንም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የመንዝ ሰው ቅኔውን ከነሰምና ወርቁ ይናገራል፤ ፈረንሳዩ ግን በርሜሉን ያሳያል።

ከአምባው መንገደኛው እንደ ገና ወደ ወንጪት ይወርዳል፤ ተሻግሮም ወደ መንዝ ይወጣል። የካናል ዱ ሚዲ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 190 ሜትር ገደማ ቢሆን፣ የእኛው መንገደኛ ከሸለቆው እስከ መንዙ የጓሳ ደጋ ድረስ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ የውኃ በሩም የገዛ እስትንፋሱ ነው፤ በየእርከኑ ቆሞ ሳንባው እስኪሞላ መጠበቅ አለበትና። በገደሉ ጫፍ ጭላዳው ጸጉሩን እንደ ላንቃ ካባ ደርቦ ሣር ይነጫል። የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ይመጣሉ፤ በየደጃፉ ሴቶች የበግ ጸጉር ይፈትላሉ። ሌሊት ከአጥቢያው የሰዓታት ዜማ ይሰማል። በአርባራ መድኃኔ ዓለም ዋሻ ሥጋቸው ሳይፈርስ የቆየውን የቀደምት ሰዎች በድን አይቶ የወጣ መንገደኛ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብሎ መሄዱ አይቀርም። ወደ ሰሜን አቅንቶ እስከ ራቤል የሚዘልቅ ከሆነ ግሼን ያያል፤ ግሼን ከአምባሰሏ ግሸን ማርያም ጋራ የሚያምታቱ የአዲስ አበባ ሰዎች ስለማይጠፉ፣ አንዱ ሸዋ፣ አንዱ ወሎ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ባስታውስ ቅር የሚለው አይኖርም።

ጓሳ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይገጥመዋል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ የሣር ምድር ሳይታረስ የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ከልለውት፣ ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት እስኪጎለምስ ድረስ ማንም እንዳይነካው ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ባለ ድርሻው ሁሉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ያጭዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ይዘጋል። ሪኬ በዚያው መቶ ዓመት የውኃ በር ሲያበጅ የመንዝ አባቶች የሣር በር አበጁ ማለት ነው። የቀሮ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሣሩም አብሮት ተጐዳ፤ ሕዝቡ ግን ነገሩን ለዕጣው አልተወውም፤ በኮሚቴና በሕግ አድርጎ እንደ ገና አቆመው፤ ዛሬም ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ በዚያው አለ። በዓለም ላይ ከጥቂት መቶዎች የማያልፈው ቀይ ቀበሮ በጅባራው መካከል አይጥ ሲያድን የሚታየው ይህ የሣር በር ተሰብሮ ስላልቀረ ነው።

ታዲያ ዛሬ ወደ ጓሳ የሚመጣው እንግዳ እንዴት ይመጣል? በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ በመኪና ይከንፋል፤ ጭላዳውን ፎቶ ያነሣል፤ ቢበዛ አንድ ሌሊት ብርዱን ይሞክርና ይመለሳል። አቧራው ለገበሬው፣ ገንዘቡ ለነዳጅ ሻጩ ይቀራል። ይኸው እንግዳ በአጎቴ መንገድ ከጀማ እስከ ጓሳ በሰባት ቀን ቢወጣ ስድስት ቤት ያድር ነበር፤ ስድስት እመቤቶች ጠላ ያቀርቡለት፣ ስድስት በቅሎ ጫኞች ይከራዩለት፣ ስድስት መንደሮች ስማቸውን ይነግሩት ነበር። የመንገዱ መርዘም ለገበሬው የሚከፈለው ኪራይ ነው። ይህንንም ከራሴ አላመነጨሁትም፤ በሰሜን ወሎ በመቄት አምባዎች ላይ «ተስፋ» በሚል ስም የተቋቋመው የመንደር እንግዳ አቀባበል፣ እንግዳውን በእግር ከጎጆ ወደ ጎጆ፣ ጓዙን ደግሞ በአህያ እያዘዋወረ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ አሳይቶናል። መቄት የሠራውን መንዝና መርሐ ቤቴ የማይሠሩበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ሰላም ነው። በእነዚህ ዓመታት በሰሜን ሸዋና በመላው የአማራ ክልል ሕዝቡ ራሱ ከቀበሌ ቀበሌ ለመሻገር በሚሰጋበት ሁኔታ፣ ስለ መዝናኛ ጉዞ መናገር ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር እጄን እሰጣለሁ። ነገር ግን እርሻ የሚታረሰው ለመጪው መኸር ነው፤ መንገዱም በሰላሙ ጊዜ ይገኝ ዘንድ ዛሬ ታርሶ እንዳያልቅ መጠበቅ አለበት። ሌላው ተቃውሞ፣ «አባቶቻችን በድህነት የሄዱበትን መንገድ ሀብታም ሊጫወትበት ነውን?» የሚለው ነው፤ ይህም ከኩራት የመነጨ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ግን እስኪ እንጠይቅ፤ የቡርጎኙ ጀልባ ጎታች ለመዝናናት ነበርን የሚጎትተው? የእርሱ ላብ የነጠበበት ዳር ዛሬ ለልጅ ልጆቹ እንጀራ ሆኗል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወረዳዎቹ የቀደመውን የበቅሎ መንገድ ከሽማግሌዎች አጣርተው በካርታ ላይ ያስፍሩት፤ እንደ ጓሳ ሣር «ይህ አይታረስም» ይበሉ። በወንጪት ላይ በክረምት ሰውና በቅሎ የሚያሻግር ቀላል ድልድይ ይሠራ፤ እርሱም ከእንግዳው በፊት ለተማሪውና ለገበያተኛው ይጠቅማል። የአዳሩ ዋጋ በመንደሩ ጉባኤ ይወሰን እንጂ ለጨረታ አይቅረብ፤ ጨረታ ከገባ ከመሐል አገር የሚመጣ አንድ ባለ ገንዘብ ባለ ሃምሳ ክፍል ሎጅ ገደሉ ጫፍ ላይ ገትሮ፣ ገበሬውን በረኛ፣ ልጁንም አስተናጋጅ ያደርገዋል። ደግሞም ስለዚህ ነገር በየሆቴሉ ዐውደ ጥናት ባይደረግ እወድዳለሁ፤ ለዐውደ ጥናቱ አበል በሚወጣው ገንዘብ ስንት በቅሎ ይገዛ ነበር! መጀመሪያ ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ እስከ ጓሳ ያለው ቁራጭ መንገድ ቢሞከር ይበቃል፤ በቅሎውም፣ ቤቱም፣ ሣሩም እዚያ አሉና። ወራቱም ከመስከረም ማለቂያ፣ ጭቃው ደርቆ ገብሱ ሲያሽት፣ ቢሆን ይመረጣል።

አጎቴ መርሐ ቤቴ ሲደርሱ ኩርታኑን ራሳቸው ይፈቱ ነበር እንጂ ለሌላ አይተዉም ነበር። በቅሎዪቱ ጭነቷ ሲወርድላት መጀመሪያ ትቢያው ላይ ትንከባለላለች፤ ኋላ ተነሥታ አቧራዋን ታራግፋለች፤ ውኃ ትጠጣለች። እኛ ገና ስንቁን ሳንፈታ፣ የሚነዳት ሳይኖር፣ ባዶ ጀርባዋን ይዛ በመጣንበት መንገድ ሽቅብ ቀስ እያለች ትጀምር ነበር፤ አጎቴም እየሣቁ ልጓሟን ለመያዝ ይከተሏት ነበር።